ለራሱ ዋስ የሆነው ፋይል

ሐረር ተመድቤ በሄድኩ በሁለተኛው ዓመት የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል በእኔ እጅ ነበር። ከአሥራ አራቱ ኮምፒውተሮች ዘጠኙ ይሠራሉ። ሁሉም ላይ ቁጥር ለጥፌ፣ ገመዶቹን በየቀለማቸው አስሬ፣ የሆነ ነገር አስረጂኝ የሚል ሰው እጠብቅ ነበር።

በዚያ ሳምንት ሥራችን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞችን ስም በፈተና ቢሮው ገጽ ላይ ማስገባት ነው። ምዝገባው ዓርብ በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል፤ ስሙ ያልገባ ተማሪ በዚያ ዓመት አይፈተንም። የገጹን አድራሻ ከጎረቤት ትምህርት ቤት ያለ መምህር ከአንድ ፍላሽ ጋር ጽፎ ሰጠኝ። ሐሙስ ጠዋት ስከፍተው ኮምፒውተሩ ይህን ገጽ አላምነውም የሚል ቀይ ማስጠንቀቂያ አወጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር አንድን ገጽ የሚያምነው አስቀድሞ የሚያውቀው ዋስ ሲፈርምለት ነው። የዋሶቹ ሁሉ መጨረሻ ሥር ሰርተፊኬት ይባላል። ከእሱ በላይ የሚፈርም ስለሌለ ለራሱ የሚፈርመው ራሱ ነው። ፍላሹ ላይ ያለው ፋይል የቢሮው ሥር ሰርተፊኬት ነው ተብያለሁ፤ ችግሩ ፎርማቱ ለእኛ ኮምፒውተሮች አለመሆኑ ነው። የእኛዎቹ የሚቀበሉት በፊደልና በቁጥር የተጻፈውን፣ ላይና ታቹ በሰረዝ የታጠረውን ብቻ ነው። ይህን የሚቀይር ትንሽ ፕሮግራም አለ። የሚጫኑት ቁልፍ የለውም፣ በጥቁሩ ስክሪን ላይ ትእዛዝ ይጻፍለታል። አንድ መስመር ጻፍኩ፤ ምንም ሳይናገር ጨረሰ። የተቀየረውን ፋይል ከታመኑት መካከል ሳስቀምጠው ማስጠንቀቂያው ጠፋ፣ ገጹም ተከፈተ።

ስሞቹን የሚያነቡልኝ መዝገብ ቤቱን የሚይዙት ሽማግሌ ነበሩ፤ የሐረር ግንብ ውስጥ ተወላጅ፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው። ምን እንደሠራሁ ጠየቁኝ። ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ፣ ምናልባትም ከዚህ አስረዝሜ አስረዳኋቸው። በመጨረሻም ፕሮግራሙ ያለ ስህተት ስለቀየረው ፋይሉ ትክክለኛ መሆኑ ተረጋግጧል አልኳቸው።

መዝገቡን ሳይገልጡ «የዚህ ዋሱ ማን ነው?» አሉኝ።

«ራሱ ነው።»

«አቦ ቲቸር! እኛ አፎቻ ሰው መጥቶ ‹እኔን እኔ አውቀዋለሁ› ቢል፣ ሻይህን ጠጥተህ ሂድ እንለዋለን።»

አፎቻ በሠርግና በለቅሶ የሚረዳዱበት የጎረቤት ማኅበራቸው ነው። አዲስ ሰው ሲመጣ ከቆዩት አንዱ አውቀዋለሁ ማለት አለበት። ሳቅኩ፤ ግን እውነታቸውን ነበር። ፕሮግራሙ የተሳሳተ ፋይል ብሰጠውም ያንኑ ያህል በጸጥታ ይቀይርልኝ ነበር። ቅርጹን እንጂ ባለቤቱን አይጠይቅም።

ያው ፕሮግራም የፋይሉን አሻራ፣ ማለትም ለእሱ ብቻ የሆነውን ረጅም የቁጥርና የፊደል ሰልፍ አውጥቶ ያሳያል። አሻራውን በወረቀት ገለበጥኩት። ሽማግሌው ማኅተም ካለበት የቢሮው ደብዳቤ ላይ ስልክ ፈልገው ደወሉ፤ አንዲት የቢሮው ሠራተኛ እነሱ ዘንድ ያለውን አሻራ ሁለት ሁለቱን እየለየች አነበበችልኝ። የመጀመሪያው ጥንድ አልገጠመም። ሁለተኛውም አልገጠመም።

ሴትዮዋ ነገሩ ገባት። የያዝነው ፋይልም አድራሻውም ለሙከራ የተሠሩ ናቸው፤ እዚያ የሚገባ ስም ማታውኑ ይጠፋል፤ እውነተኛውን ፋይልና አድራሻ ከተማ ካለው ቅርንጫፍ ውሰዱ አለችን። መቶ ስድስት ስም ነበር የያዝነው። ገጠር ያሉት የሶፊና የድሬ ጠያራ ልጆች ለምዝገባው ፎቶ ብቻ ሁለቴ የተመላለሱበት።

ለጎረቤቱ መምህር ወዲያው ደወልኩ። ሁሉንም አስገብቶ ጨርሷል። ገጹ እኮ ያለ ማስጠንቀቂያ ተከፍቶልኛል አለኝ፤ ጠዋት እኔ ያልኩትን የመሰለ ነገር ከእሱ አፍ ስሰማ አፈርኩ። የሙከራ ገጽ ነው፣ ቢሮውን ጠይቅ ብዬው ዘጋሁ።

ዓርብ ጠዋት ሽማግሌው በባጃጅ ሄደው ፋይሉንና አድራሻውን አመጡ። ቀየርኩት፣ ደወልን፣ አሻራው እስከ መጨረሻው ጥንድ ገጠመ። «አልሃምዱሊላህ፣ አሁን ጻፊ» አሉና መዝገቡን ገለጡ። ለጁምዓ ሲሄዱ ብቻዬን እያነበብኩ ጻፍኩ። ተመልሰው የቀሩትን አንብበውልኝ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨረስን።

የምዝገባውን ማረጋገጫ ወረቀት እያተምኩ ሳለ የጎረቤቱ መምህር መዝገቡን በብብቱ ይዞ፣ ላብ በላብ ሆኖ ገባ። ቢሮው ከእሱ ትምህርት ቤት አንድም ስም አልደረሰኝም ብሎታል። ሰማንያ ሁለት ስም፣ ሁለት ሰዓት ያልሞላ ጊዜ። ሽማግሌው መዝገቡን ተቀብለው ገጾቹን ፈትተው በሦስት ከፈሉ። ፋይሉን ሌሎች ሁለት ኮምፒውተሮች ላይ አስቀመጥኩና ሦስታችንም በየኮምፒውተሩ ተቀመጥን፤ እሳቸው በሁለት ጣት ነበር የሚጽፉት። የመጨረሻው ስም የገባው ለአሥራ አንድ አሥር ጉዳይ ላይ ነው።

መምህሩ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረና አሻራውን የሚያሳየው ትእዛዝ እንዴት ነው የሚጻፈው አለኝ። ከመጀመሪያው፣ ሥር ሰርተፊኬት ማለት ብዬ ጀመርኩ።

«ቲቸር» አሉ ሽማግሌው፣ «መጀመሪያ ውሃ ይጠጣ።»