ሰማያዊዋ ክር ቀጣይ

በፈትል ፋብሪካው ውስጥ ሰው ፊት የለውም። ጥጡ እንደ ዱቄት ስለሚበን አርባዎቹም ሴቶች ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው አውርደው፣ ማስካቸውን እስከ ዓይናቸው ሥር ስበው፣ አንድ ዓይነት ግራጫ ጋዋን ለብሰው ነው የሚውሉት። የሚታየው ዓይን ብቻ ነው። ለሚያይ ሰው ዓይንም በበቃ ነበር፤ የፈረቃው ኃላፊ ግን አያይም። ሁሉንም በብዕሩ እየጠቆመ «አንቺ!» ነው የሚለው። ሴቶቹም «አቶ አንቺ» ብለው ስም አወጡለት።

ክር ቀጣይዋ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የተበጠሰ ክር ስትቀጥል ኖራለች። ራሷ ያሠለጠነቻቸው ልጆች ሁለት ጊዜ የቡድን መሪ ሆነው ሲያልፏት ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። አንድ ቀን ግን ሌላ ሴት ማሽኗን ጥላ ወጥታ፣ የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ ለእሷ ደረሳት። ደሟ ፈላ። ደብዳቤውን ይዛ ቢሮው ገባች።

«እኔ ከማሽኔ ንቅንቅ አላልኩም! ሌላ ሰው ነው ያዩት!»

አቶ አንቺ ይቅርታ እንኳ ሳይል፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «ታዲያ ምን ላድርግ? ሁላችሁም አንድ ናችሁ። በምን ልለያችሁ?» አላት።

በምን! እናት የወለደቻትን፣ ስም የወጣላትን ሰው! በማግሥቱ ጠዋት መስታወት ፊት ቆማ የሁለቱንም ዓይኖቿን ቆብ እስከ ቅንድቧ ድረስ በሰማያዊ አይሻዶ ሞላችው። ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ እንዳይመስላችሁ፤ ከሩቅ የሚጮህ ሰማያዊ ነው። እናቷ በር ላይ ስታገኛት ክው አለች።

«ምነው ልጄ፣ ማን መታሽ?»

«ማንም አልመታኝም እማዬ። ተቀብቼ ነው።»

«በዚህ ዕድሜሽ? ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አሉ!»

ከዚያ ወዲህ ሳትቀባ ሥራ ገብታ አታውቅም። አቶ አንቺም ለያት። መለየቱን ተዉት! ክር ቢወሳሰብ «ሰማያዊዋ ናት»፤ ሰው ቢያረፍድ «ሰማያዊዋ ናት»። ከአርባ ሴት የሚያስታውሰው አንዷን ብቻ ስለሆነ የአርባውም ጥፋት እሷ ላይ ተከመረ። በእረፍት ቀኗ ለተሰበረ ማጠንጠኛ ሳይቀር ተጠየቀች። አንጀቷ አረረ። ቢሆንም አላጠበችውም፤ እልኸኛ ናት።

አንድ ቀን ማሽን አጠገቧ የምትሠራውን የጓደኛዋን እጅጌ ነክሶ ሲጎትት ዘላ ያጠፋችው እሷ ነበረች። ሥራ አስኪያጁ ከላይ ከቢሮው በመስታወት አይቶ ኖሮ፣ የቡድን መሪዋ ጡረታ ስትወጣ «ያቺ ሰማያዊዋ ትተካ» አለ። አቶ አንቺ ቢሮ ጠራት።

«ቦታው ያንቺ ነው። ነገ ጠዋት የመሪውን ሰደርያ አለብስሻለሁ። ግን ይሄንን ጉድሽን ታጥበሽ ነይ። የቡድን መሪ እንዲህ ተለቅልቃ አትመጣም።»

ተለቅልቃ! ስድብ አፏ ድረስ መጥቶባት ዋጠችው። የመሪዋ ወንበር ከብናኙ ርቆ መስኮት ሥር ነው፤ እሷ ደግሞ ደረቷ ማፏጨት ከጀመረ ዓመት አልፎታል። ቤት ገብታ ስትነግራት እናቷም ሌላ ቃል አልነበራትም።

«ታጠቢው በቃ! እዚያ ብናኝ ውስጥ ልትሞቺልኝ ነው?»

ጠዋት በሳሙና ፈትጋ አጠበችው። ለእሱ ብላ ፊቷን ማጠቧ ከሰማያዊው ቀለም ይልቅ አሳፈራት።

ሴቶቹ በየማሽናቸው እንደቆሙ አቶ አንቺ ቢጫውን ሰደርያ ክንዱ ላይ አድርጎ መጣ። እጇን ጋዋኗ ላይ ጠረገች። ሰውየው በፊቷ አለፈና ሰደርያውን ጓደኛዋ ትከሻ ላይ ጣል አደረገው።

«እንኳን ደስ አለሽ! አየሽ ስትታጠቢ እንዴት እንዳማረብሽ!»

ጓደኛዋን ተወልዳ ቀለም ነክቷት አያውቅም። ሰደርያውን እያወረደች «ጌታዬ፣ እኔ አይደለሁም» አለች።

«ታዲያ የቷ ናት?»

ጓደኛዋ ልትጠቁም እጇን ስታነሳ ክር ቀጣይዋ ዓይኗን አፍጥጣባት ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። የጓደኛዋ እጅ ወረደ። ክር ቀጣይዋ ያቺን የመስኮት ሥር ወንበር እንደ ውሃ ተጠምታት ነበር። ግን አሥራ አራት ዓመት! በየቀኑ ፊቱ ቆማ! በሰው ጣት ተጠቁማ አትሾምም። ካወቃት ይወቃት፣ ካላወቃት ገደል ይግባ።

«ሰማያዊዋ!» ብሎ ጮኸ። «የት ነሽ? እጅሽን አውጪ!»

ማንም እጅ አላወጣም። አርባዎቹም ወደ ክራቸው አቀረቀሩ።

አቶ አንቺ ሰደርያውን አንጠልጥሎ ማሽን በማሽን እየቆመ የሴቶቹን ዓይን ያይ ጀመር። እሷ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። ጎንበስ ብሎ አያት። እሷም ቀና ብላ፣ ዓይኗን ሳትሰብር አየችው። ከዚያ ወደሚቀጥለው ማሽን አለፈ።