ልጄ ጂኒየስ መሆን አለመሆኑ በማኅበር የታየበት ቀን

ልጄ በጠና ታሞ ባሕር ዳር ሆስፒታል በተኛ ጊዜ ለእመቤታችን ተሳልሁ። ካተረፍሽልኝ ተራዬን ሳልጠብቅ የማኅበርሽን ጽዋ እቀበላለሁ አልሁ። ተረፈ። ስሟ ይመስገን።

ማኅበራችን ንፋስ መውጫ ዳር ባለው ሰፈራችን የቆየ ነው። በየወሩ በሃያ አንድ በአንዱ ማኅበርተኛ ቤት እንሰበሰባለን፤ ይጸለያል፣ ይበላል፣ ጠላ ይጠጣል። ሲያበቃ ጽዋው ከዳቦ ጋር ለሚቀጥለው ደጋሽ ይሰጣል፤ ሰውም በእልልታ እስከ ቤቱ ያጅበዋል። የማኅበሩን መሪ ሙሴ እንላቸዋለን። ጽዋውን አንሥተው የሚሰጡት እሳቸው ናቸው።

ስለቴን ስነግራቸው ሙሴ እንባቸው መጣ። በሚመጣው ወር ጽዋው ያንቺ ነው አሉኝ። እኔም ጽዋውን አጅበው የሚመጡት የሚቀምሱት ጠላ ጠነሰስሁ፤ ቤቴን ለቀለቅሁ።

ልጄ አዲስ አበባ መድረክ ላይ ቆሞ ሰው ያስቃል። ደፋር ነው፣ የማይነካው ነገር የለም ይሉታል። ሥራው ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁኝ ይናገራል እላለሁ።

ድኖ ወደ መድረክ ሲመለስ የተናገረው በስልክ ወጣ። እኔ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ገበያተኛው ሁሉ አይቶታል። እንዲህ ይላል፦

«የእናቴ ማኅበር ሙሴ ሲመጡ በመንገድ ይመጣሉ፤ ሲሄዱ በቦይ ይሄዳሉ። እመቤታችንም ስለምትወዳቸው በየወሩ ቦዩን ታደርቅላቸዋለች።»

ሰው በሳቅ ሲንከተከት ይሰማል። አማተብሁ። ከዚያ መልሼ አየሁት። ጉንጩ ሞልቶ ነበር።

ቀኑ ደረሰ። የዚያ ወር ደጋሽ አንዲት ወጣት መምህርት ነበረች፤ እናቷ ሲያርፉ በቦታቸው የገባች ናት። ተበላ፣ ተጠጣ። ጽዋው የሚነሣበት ሰዓት ሲደርስ ሙሴ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጽዋው ዛሬ አይነሣም አሉ። እሳቸውም ተሰድበዋል፣ እመቤታችንም ተሰድባለች። ደግሞም ነገሩ ውሸት አለበት፤ ቦዩ ደርቆ አያውቅም። የወደቁትም አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሐምሌ፣ መንገዱ አዳልጧቸው ነው። ሁላችንም አቀርቅረን ሰማን። ያን ዕለት ጎትተን ያወጣናቸው እኛው ነን።

መምህርቷ ተነሥታ ይህ ስድብ አይደለም አለች። እዚያው ከቪዲዮው ሥር ስንት ሰው ጂኒየስ ነው ብሎ ጽፎለታል። ጂኒየስ ደግሞ አይሳደብም፤ ያሳያል። ሙሴ ጂኒየስ ምንድን ነው አሉ። ሌላው ያላየውን የሚያይ ማለት ነው ብላ መለሰችላቸው።

«ቦይ ውስጥ ያላየኝ ማን አለ?» አሉ ሙሴ። «በስልክሽ ያበራሽልኝ አንቺ አይደለሽም?»

መምህርቷ ተቀመጠች።

እዚህ ላይ የቅኔ መምህራችን የኔታ ነገሩ ውስጥ ገቡ። ሳያዩ መፍረድ አይገባም፤ ንግግሩ ይቅረብ አሉ። የመምህርቷ ስልክ መሶብ ክዳን ላይ ተደግፎ ቆመ። የኔታ በየዓረፍተ ነገሩ አቁሙት፣ መልሱት እያሉ አዩት። ማንም አልሳቀም፤ ምርመራ ነውና። የሚስቁት እነማን ናቸው ብለው ጠየቁ። የከተማ ሰዎች ናቸው ተባለ። ቦዩን ያውቁታል? አያውቁትም። ቦዩን ሳያውቁ ከሳቁ እንግዲህ ነገሩ ከቦዩ አልፏል ማለት ነው አሉ። ይህ ለልጄ ተያዘለት።

ከዚያም የኔታ አገላብጠው መዘኑት። ቁመቱ የጉባኤ ቃና ያህል ነው፤ ጀማሪ ተማሪ ቆጥሮ የሚያወጣት ሁለት መስመር ቅኔ ታክላለች። የመጀመሪያዋ ትዘረጋለች፣ ሁለተኛዋ ታጥፋለች። መጥፎ አይደለችም። ነገር ግን ተማሪ የሌላውን ቅኔ ተበድሮ ሊመጣ ይችላል። መምህሩ ፊት ቆሞ በተሰጠው ነገር አዲስ ቅኔ ካልቆጠረ አዋቂ አይባልም። ስለዚህ ይደወልለትና ይፈተን። ጂኒየስ ከሆነ ስድቡ ይነሣል፣ ጽዋውም ይሄዳል። ካልሆነ ድንጋይ ተሸክሞ መጥቶ ሙሴ እግር ላይ እስኪወድቅ ጽዋው ይቆያል።

ልጄ መቼ እንደሚመጣ አላውቅም። ስለት ደግሞ አያድርም። ስልኬን አውጥቼ ደወልሁ።

«ወዬ እማ፣ ደህና ነሽ?»

ማኅበር ላይ ነን፣ ሁሉም ይሰማሃል አልሁት። ወዲያው ድምፁ ተቀየረ፤ ተነሥቶ የቆመ ይመስለኛል። እንዴት ዋላችሁ አባቶቼ፣ እንዴት ዋላችሁ እናቶቼ አለ። የኔታ መረቁት። ቀጥለውም፣

«በል ልጄ፣ በገብስ አንድ ነገር ንገረን» አሉት።

«በገብስ?»

«በገብስ።»

ሰው ሁሉ ወደ ስልኩ አዘነበለ። አንዱ ጠላውን ሳይውጥ አፉ ውስጥ ይዞ ይጠብቃል። ልጄ አሳለ። አሁንም ቆየ። ሲተነፍስ ይሰማል።

«የኔታ... ገብስ ጥሩ ነው» አለ።

የኔታ ሁለተኛዋን መስመር ጠበቁ። ቀጥል አሉት። ጨርሻለሁ አለ። ከዚያ ይቅርታ ሲል ኔትወርኩ ተቋረጠ።

የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። መምህርቷም ፊቷን በነጠላዋ ጥላ ተሳስቻለሁ አለች፤ ለነገሩ በስልክ ላይ ከወንበር ለወደቀውም ጂኒየስ ብለው ይጽፋሉ። ነገሩ ያለቀ መሰለ። ጠላዬና የለቀለቅሁት ግድግዳ ታወሱኝ።

ሙሴ ግን ፊታቸው ጠቆረ። ጥቂት አሰቡና ብድግ አሉ።

«ቆይ፣ ገብስ ጥሩ ነው በሚል ሰው ነው እንዴ አገር የሳቀብኝ?»

በጣታቸው ወደ ስልኩ ጠቆሙ።

«አይሆንም» አሉ። «ጂኒየስ ነው።»

የኔታ ፈተናው ታይቷል አሉ። ሙሴ ፈተናው ከባድ ነበር አሉ። ስለ ገብስ ምን ይባላል? እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ገብስ ሲዘሩ ሲያጭዱ ኖረው ከጥሩ ነው ሌላ የሚሉት አላገኙም። መምህርቷ አሁን ጂኒየስ አይደለም ብላ ቀረበች። ሙሴ እሷን ተቆጧት፤ አገር ሙሉ የጻፈለትን አንቺ ማን ሆነሽ ነው የምትሽሪው አሏት። ሰድቦኛል ያሉት ጠበቃ ሆኑ፤ ጠበቃዋ ከሳሽ ሆነች። የኔታ ሁለቱንም ዝም ለማሰኘት ስለ ገብስ ቅኔ ጀመሩ፤ ሙሴ ያ ሌላ ነገር ነው ብለው አቋረጧቸው። የቀረው ሰው ገሚሱ ወዲህ ገሚሱ ወዲያ ሆነ። ልጄን በሕይወቱ አይቶት የማያውቅ ሁሉ ስለ ጭንቅላቱ ይናገራል። ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው፤ ጽዋው ነጭ ጨርቁን እንደ ለበሰ ተቀምጧል።

በመጨረሻ የደከማቸው የኔታ ወደ እኔ ዞሩ።

«ወላጂቱ ትናገር። ልጅሽ ጂኒየስ ነው ወይስ አይደለም?»

ማኅበር ላይ ብዙ አልናገርም። ተነሣሁ።

«ጂኒየስ እንዲሆን አልለመንኋትም የኔታ። እንዲተነፍስ ነው የለመንኋት። ሰማችሁት፣ ይተነፍሳል።»

የኔታ ቀና ብለው አዩኝ፤ ከዚያ አቡነ ዘበሰማያት ብለው ጀመሩ። ሁላችንም ተነሣን። ጸሎቱ ሲያልቅ ሙሴ ራሳቸው ሄደው ጽዋውን አነሡ። እጄ ላይ አኖሩት፤ ግን አልለቀቁትም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው በቀስታ ጠየቁኝ።

«ግን ነው፣ አይደለም እንዴ?»

«እሷ ታውቃለች» አልኋቸው።

አሰቡበት። ለቀቁልኝ።

በእልልታ ወጣን። ከኋላዬ ሙሴና የኔታ ስለ ገብስ እየተከራከሩ ይመጣሉ፤ ክርክሩ እልልታውን ሊበልጠው ምንም አልቀረው። ቤቴ ደጃፍ ስደርስ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። ልጄ እንደሆነ አወቅሁ። ጽዋ በሁለት እጅ ይያዛልና አላነሣሁም። ስልኩ እየጮኸ ገባሁ።