ከይግባኙ ጋር የመጣው ፕሮግራም

ሥራ የጀመርኩት ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ ማዶ ባለች አንዲት ክፍል የማመልከቻ መጻፊያ ሱቅ ነው። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ነበር። በመጀመሪያው ቀን አሠሪዬ ጋሽ በየነ የጽሕፈት መኪናውን አስጠግተው፣ «ባለጉዳዩ ያለውን ብቻ ጻፊ። ብታዝኝለት እንኳ አትጨምሪ» አሉኝ።

እሳቸው ሲያርፉ ሱቁን እኔ ያዝኩት። ኮምፒውተር ገባ። የፍቺው፣ የውርሱ፣ የቦታው ክርክር ሁሉ እሱ ውስጥ ተቀመጠ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ዘነበች ከጠበቃዋ ረዳት ጋር ገባች። ከቤቷ እንድትወጣ ተፈርዶባታል፤ የይግባኝ ጊዜዋ የሚያበቃው በዚያው ቀን ነው። ይግባኙ ረዳቱ በያዘው ፍላሽ ውስጥ ነበር። ጠበቃው ክፍለ ሀገር ወጥቷል፣ ስልኩም አይነሳም።

አብራኝ የምትሠራው ሂሩት ፋይሉን ስትከፍተው ፊደሉ ተዘበራርቆ ወጣ። በሌላ የአማርኛ መጻፊያ የተጻፈ ነበር።

«ማስተካከያው እዚያው ፍላሹ ላይ አለ፤ ክፈቺው» አላት ረዳቱ።

ሂሩት እጇን ከማውሱ አነሳች። «ይሄ ጽሑፍ አይደለም፣ ፕሮግራም ነው። ቀሪውን ከኢንተርኔት አወርዳለሁ ይላል። ማን ምን እንደሚልክለት አናውቅም። አንዴ ከፈቀድንለት ኮምፒውተሩን እንደ እኛ ያዘዋል።»

«እትዬ አስካለ፣ እኔን ተጠራጠሩኝ?» አለኝ ረዳቱ።

«የልጅ ልጄ ቢያመጣውም እዚህ ላይ አይከፈትም። የስንት ሰው ጉዳይ አለበት መሰለህ!»

ወይዘሮ ዘነበች እጄን ያዘች። «የእኔስ ጉዳይ? መዝገብ ቤቱ ሊዘጋ ነው እኮ!»

ልክ ነበረች። የሌላውን ጉዳይ ለመጠበቅ እሷን ሜዳ ላይ መጣል ፍትሕ አይደለም።

«አሮጌውን ኮምፒውተር አውጪው» አልኳት ሂሩትን። ለመለማመጃ የተውነው ስለሆነ የማንም ፋይል የለበትም። የኢንተርኔቱን ገመድ ከሌሎቹ ነቅላ ለእሱ ብቻ ሰካች። ፕሮግራሙ ማውረድ ጀመረ። መሀል ላይ ቆመ። ረዳቱ ሰዓቱን ደጋግሞ ሲያይ፣ «የግድግዳውም ሰዓት ያንኑ ነው የሚልህ» አለችው ሂሩት። ማንም አልሳቀም።

በመጨረሻ ፊደሉ ተስተካከለ። አተምነው። ወይዘሮ ዘነበች ወረቀቱን እንደታቀፈች መንገዱን ተሻገረች፤ መዝገብ ቤቱ ሳይዘጋ ደረሰች።

በማግስቱ አሮጌው ኮምፒውተር አልነሳም አለ። ረዳቱም ፊቱ ጠቁሮ መጣ።

«ያ ፕሮግራም ቢሯችንም ተከፍቶ ነበር፤ ያለን ፋይል ሁሉ አልከፈት አለ። ነገ ቀጠሮ ያላቸው ደንበኞች አሉን። እናንተ ጋ ያስጻፍናቸው የቀድሞዎቹ ይኖሩ ይሆን?»

ወንበር ሰጠሁት። ሂሩት መፈለግ ጀመረች። የተወሰነውን አገኘን፤ የቀረው ቀረ።

ማንም ያምጣው ማን፣ ያልታወቀ ፕሮግራም የሰው አደራ ባለበት ኮምፒውተር ላይ አይከፈትም። መክፈት ግድ ከሆነ፣ የሚጠፋ ነገር በሌለበት ላይ ይከፈት።