የአምባዬ ባሕር አልጠራም አለ

ባሌ የባሌ ሰው አይደለም። እንዲህ ስል እንግዳ ግራ ይገባዋል፤ ጎባ ውስጥ ግን ሰው ለምዶኛል። ባለቤቴ አምባዬ ያደገው አሰብ ነው። አባቱ የወደብ ሠራተኛ ነበሩ። እሱ መዋኘት የተማረው ባሕር ውስጥ ነው፤ እኔ ደግሞ እዚሁ ጎባ ተወልጄ፣ እዚሁ ተድሬ፣ ባሕርን በቴሌቪዥን እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር ከአፉ የማትጠፋ አንዲት ዓሣ አለች። ብርቱካንማ ናት፣ ወገቧን በነጭ የታጠቀች፣ ጣት የምታህል። “ከድንጋዩ ሥር ብቅ ብላ ታየኛለች፤ እጄን ስሰድ ጥልቅ ትላለች” ይላል። ስንቴ ሰማሁት! ዓሣ ሳትሆን የድሮ ፍቅረኛው ብትሆን ኖሮ ይሄኔ ተፋተናል።

ሥራው ልብስ ስፌት ነው። የተማሪ ዩኒፎርም በሉት፣ የሙሽራ ሱፍ በሉት፣ ከእጁ ያላለፈ የለም። ዝምተኛ ነው። ከእሱ የተረፈውን ወሬ እኔ እጨርስለታለሁ፤ እግዜር ሲያጣምር ያውቅበታል።

ልጃችን እስከዳር አዲስ አበባ ፈረንጆች ቤት ትሠራ ነበር። ፈረንጆቹ ጠቅልለው ሲሄዱ ትልቁን የዓሣ ገንዳቸውን ከነማጣሪያው፣ ከነማሞቂያው፣ ከነድንጋዩ፣ ከነነጭ አሸዋውና ከነባሕር ጨው ከረጢቱ ሰጧት። እሷም ለአባቷ ጭና ላከችው። በውስጡ የነበሩት ሁለት ዓሦች ግን እዚያው አዲስ አበባ ቀሩ፣ ኤልሮኢ የሚባል ዓሣ ነጋዴ ዘንድ። አምባዬ የዓሦቹን ፎቶ በስልክ ሲያይ ስልኩን አፍንጫው ላይ ሊለጥፈው ምንም አልቀረው። “ራሷ ናት!” አለ። ኤልሮኢ ግን ቁርጡን ነገረን፦ “ማዘር፣ ውሃው ጠርቶ ፎቶ ካልላካችሁልኝ ይዣቸው አልመጣም። በደፈረሰ ውሃ ያልቃሉ።”

“እሷን ሳላይ እንዳልሞት ብቻ” አለ አምባዬ።

“ሞትን ምን አመጣው? ይልቅ ውሃ ሙላ!” አልኩት።

ሞላ። አሸዋውን ሳያጥብ ገልብጦ ሞላው! ሩዝ እንኳ ታጥቦ ነው የሚቀቀለው። ሳሎናችን መሃል አንድ ገንዳ ወተት ቆመ። ጎረቤታችን ሀዋኒ በር ላይ ሆና አየችና፣ “ያ ረቢ! ስመኝ፣ ላም ገዛችሁ እንዴ?” አለችኝ። ያንን ሁሉ ቀድተን ደፋን። ከዚያ አሸዋውን በሳፋ ማጠብ መጣ፤ ከላዩ የሚፈሰው ውሃ ንጹሕ እስኪሆን ድረስ። የጎባን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ጣቶቼ የእኔ አልመስል አሉኝ። ጨውንም ኤልሮኢ በስልክ እንዳዘዘን በባልዲ ውሃ ውስጥ ቀስ እያልን አሟሟነው። ማሞቂያው ተሰካ፣ ማጣሪያው መንጎድጎድ ጀመረ። ጠራልን ብለን ደስ አለን፤ ዞር ስንል እንደገና ደፈረሰ። ያሁኑስ ወተት ሳይሆን አጓት ነበር የሚመስለው።

“እንዳትነኩት” አለ ኤልሮኢ። “ገንዳው አዲስ ስለሆነ ነው። በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ይባዙበታል፤ ራሱ ይጠራል። ውሃውን በቀየራችሁ ቁጥር እንደ አዲስ ነው የሚጀምረው። እጃችሁን ሰብስቡ።”

ሳይደፈርስ አይጠራም ይባል የለ? ለእኔ ነገሩ ገባኝ። አምባዬ ግን እጁን የሚሰበስብ ሰው አልሆነም። ጠዋት ሻይ ሳይጠጣ በጆግ ይጨልፋል፣ ማታ ማጣሪያውን ፈትቶ ያጥባል። “አምባዬ፣ እጅህን!” እያልኩ ድምፄ ተዘጋ። መብራት ሲጠፋ ውሃው እንዳይቀዘቅዝ ጋቢውን ገንዳው ላይ ይደርብና እሱ በሸሚዝ ይንዘፈዘፋል። እኔን አንድ ቀን እንዲህ ደርቦልኝ አያውቅም!

አንድ ቀን ሀዋኒ መጥታ ገንዳውን ዞር ዞር እያለች አየችና፣ “ጋሼ አምባዬ፣ ይሄ ኢጃ ነው” አለችው። በኦሮምኛ ዓይን ማለቷ ነው። “የመጣው ሁሉ ማሻአላህ ሳይል ያየዋል። የሰው ዓይን ገብቶበታል፤ ይሸፍኑት።” እኔ ባዶ ውሃ ላይ ማን ይቀናል ብዬ ሳቅሁ። እሱ ግን አንሶላ አመጣና ሸፈነው። ኤልሮኢም እኔም ያልቻልነውን አንሶላው ቻለ፤ የሸፈነውን ነገር መነካካት ተወ።

አንሶላውን የገለጥኩ ዕለት እልልታዬ አስፋልቱ ድረስ ተሰማ። ጠርቷል! ውሃ የሌለበት እስኪመስል ጠርቷል። ከገንዳው ኋላ በተሰቀለው የእስከዳር ምረቃ ፎቶ ላይ የያዘችው አበባ ቅጠሉ ሳይቀር ይታያል። በስልኬ አንስቼ ለኤልሮኢ ላክሁለት። “ብርጭቆ ነው እኮ ማዘር! በዚህ ሳምንት መጣሁ” አለኝ።

አምባዬ ከሱቅ ገባ። ጎንበስ ብሎ አየ። ወደ ግራ ሄዶ አየ፣ ወደ ቀኝ ሄዶ አየ።

“ደፍርሷል” አለ።

“ምኑ?”

“ጭጋግ አለበት። አይታይሽም?”

ፎቶውን አሳየሁት። “ፎቶ የማያሳምረው ማን አለ?” አለና እጅጌውን ሰበሰበ። “ደውይና አትምጣ በይው። በዚህ ውሃ አላስገድላቸውም። ከሥሩ ነው የምቀይረው።”

ደሜ ፈላ። ይህን ሁሉ ለፍቼ! እንግዳ ሲመጣ የምናወጣውን የታሸገ ውሃ ከቁም ሳጥን አውጥቼ ከፈትኩና በብርጭቆ ቀድቼ አፍንጫው ሥር ያዝኩለት። “እሺ፣ ጠራ የሚባለው እንዲህ ነው?”

ብርጭቆውን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ አዞረው። ረጅም ጊዜ አየው።

“ይሄንንም ከገንዳው ነው የቀዳሽው?” አለኝ።

ቁጣዬ ከየት እንደመጣ፣ ወዴት እንደሄደ አላውቅም። ለካ! ከክረምት ጀምሮ “ስመኝ፣ እስቲ ክር አስገቢልኝ” እያለ መርፌውን ሲሰጠኝ፣ በስተርጅና ፍቅር አማረው ብዬ ስሽኮረመም የከረምኩት እኔ ሞኟ! ስልኩን አፍንጫው ላይ መለጠፉስ? ሀዋኒ እውነቷን ነው፣ ኢጃ ነው። ግን የሰው ዓይን አይደለም፣ የራሱ ነው።

“አምባዬ” አልኩት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። “ውሃው ጠርቷል። ዓይንህ ነው።”

ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ተቀመጠ። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም።

“ምነው ውሃው በሆነ ብዬ እኮ ነው” አለ። “ውሃ ይቀየራል።”

እንባዬ መጣ። ሰውዬው ያን ሁሉ ጊዜ በጆግ ሲጨልፍ የነበረው ፍርሃቱን ነው። ሐኪሞች ዓይኑን ነክተው ቢያጠፉትስ ብሎ ፈርቷል፤ ልብስ ሰፊ ዓይኑ ከጠፋ በጆሮው አይሰፋ። አጠገቡ ቁጭ ብዬ፣ “አሁንም እኮ የምትሰፋው በእኔ ዓይን ነው፤ እኔም አርጅቻለሁ፣ ሁለታችንም በአንድ ዓይን እንዴት እንሆናለን?” አልኩት። ፈገግ አለ። ፈገግ ካለማ አለቀለት፣ አልለቀውም።

ሮቤ ወሰድኩት። ሐኪሟ በመብራት አየችውና፣ “አባባ፣ የዓይን ሞራ ነው። ይገፈፋል፤ አይፍሩ” አለችው። ለቀጠሮው ዳግመኛ ስንሄድ ሚኒባሱ ውስጥ እጄን ከጎባ ሮቤ ድረስ አልለቀቀም። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ ለሌላው ቀልድ እያወራሁ በሆዴ ስለት እሳል ነበር።

እሱ ሞራው ተገፎለት፣ ዓይኑ ታሽጎ ቤት ሲተኛ ኤልሮኢ ከዓሦቹ ጋር ደረሰ። ውሃውን ለካ፣ ቀመሰ መሰለኝ፣ ከዚያ ቀስ አድርጎ ለቀቃቸው። አምባዬ ከመኝታ ቤት ሆኖ “ገቡ? ድንጋዩ ሥር ገቡ?” እያለ ይጮሃል። ያ ዝምተኛ ሰው!

በማግስቱ ፋሻው ተነሥቶለት ተመለስን። ካፖርቱን ሳያወልቅ ገንዳው ፊት ተቀመጠ። አንደኛዋ ከድንጋዩ ሥር ብቅ ብላ አየችው። “አለሽ?” አላት፣ እንደቆየ ዘመድ። ሣቀ፣ አለቀሰ፣ ዓይኑን እንዳያሽ እጁን ያዝኩበት። እኔም ዕድሜ ልኬን በወሬ የሰማሁትን ባሕር ሳሎኔ ቁጭ ብዬ አየሁት። ደስ ሲል! እንደነገረኝ ነው፣ አንድም አልጨመረበትም።

ከብዙ ቆይታ በኋላ ወደ እኔ ዞረ። ከላይ እስከ ታች አየኝ። ዓይኑ ቀሚሴ ጠርዝ ላይ ቀረ።

“ይሄን ማን ነው የሰፋው?”

“አንተ ነሃ። ለፋሲካ።”

“ዘሟል እኮ! በአንድ ወገን ወርዷል።” ጎንበስ ብሎ በጣቱ ለካው። ፊቱ ቀላ። “ይሄን ለብሰሽ ነው ቤተ ክርስቲያን የሄድሽው?”

“ቤተ ክርስቲያንም፣ ገበያም፣ ሠርግም። ለበዓሉ ስትጣደፍ የሆነ መስሎኝ ነበር።”

“ሰውስ ምን አለ?”

“ማን ሰፋልሽ አሉኝ። አምባዬ አልኳቸው።”

ተነሣ። ከዚያ መቀሱን ከመሳቢያ አውጥቶ መጣ። “አውልቂው፣ ፈትቼ አስተካክለዋለሁ።”

“ሐኪሟ ምን አለችህ? መርፌ አትንካ አላለችህም? ደግሞ ስትድንም የሌላውን ሁሉ ፍታ፤ ሳታይ የሰፋህልኝን ይህችን ግን አትነካትም” አልኩት።

መቀሱን አስቀመጠው።