የጡት ልጅ በደም ጥናት

ነርስ ነኝ። ተምሬ የወጣሁትም ሥራ የያዝኩትም ወልድያ ነው። የዓይን ግፊት በዘር እንዴት እንደሚተላለፍ የሚያጠኑ ሰዎች ወደ አካባቢያችን በመጡ ጊዜ፣ ቤት ለቤት እየሄደ መረጃ የሚሰበስብ ሰው ፈልገው እኔን ለጥቂት ወራት ወሰዱኝ። የጠየቅኳቸው ሰዎች ስማቸው እንዳይወጣ ፈርሜያለሁና እዚህም የማንንም ስም አልጠራም።

ይህ በሽታ አያምም፤ ዓይን አያቀላም። ሰውየው ጎን ጎኑን ማየት እየተሳነው ይሄዳል፣ የበር መቃን ይገጨዋል፣ አንድ ቀን ሲነቃ አብዛኛው ብርሃኑ ሄዷል። የሄደው አይመለስም፤ ጠብታ በየቀኑ ካደረገ ግን የቀረው ሊተርፍለት ይችላል። ወንድም ወይም እህት ከያዘው ሌሎቹም መታየት አለባቸው። ስለዚህ ጥናቱ የሚፈልገው ቤተሰብ ነበር፤ ቤተሰብ ማለት ምን ማለት እንደሆነም ሥልጠና ተሰጠን። ወንድ በአራት ማዕዘን፣ ሴት በክብ ይሣላል፤ ልጆች በመስመር ወደ ታች ይወርዳሉ። የሥጋ ዘመድ ያልሆነ አይቆጠርም ተባልን። ከዚያ በፊት በሠራሁበት ሌላ ጥናት ቤተሰብ ማለት ከአንድ ድስት የሚበላ ነበር። ያኔ ከተማ ተከራይቶ የሚማረውን የቤቱን ልጅ አስወጥቼ የቤት ሠራተኛዋን አስገብቻለሁ። ልዩነቱ አላስጨነቀኝም። ፎርሙ ያለኝን እሞላ ነበር።

ከግራና ከተማ ወጣ ብላ ባለች መንደር አንዲት እናት ነበሩ። ሰባ ዓመት ገደማ ይሆናቸዋል፤ ሙስሊም ናቸው፤ ባላቸው ሞተዋል። የበኩር ልጃቸው ዓይኑ ሊጠፋ ተቃርቦ ሲታከም ነው በእሱ በኩል ያገኘናቸው። አጎዛ አንጥፈው አስቀመጡኝና ጥያቄዬን ጀመርኩ።

«ስንት ልጆች አሉዎት?»

«አምስት። አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉም በሕይወት አሉ።»

ስማቸውን ከላይ ወደ ታች ነገሩኝ። አራተኛዋ ላይ ሲደርሱ የክርስቲያን ስም ጠሩ። ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ጎረቤቴ ወልዳት በሳምንቱ ሞተች» አሉኝ። «እኔ ሦስተኛውን ልጄን የወለድኩ አራስ ነበርኩ። አንዱን ጡት ለሱ፣ አንዱን ለሷ ሰጠሁ። ክርስትናዋን እናቷ አደራ ብላኝ ስለነበር በሰማንያ ቀኗ ወስጄ፣ እኔ ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ አስነሣኋት።»

«እንግዲያውስ የወለዷቸው አራት ናቸው» ብዬ ቁጥሩን ላስተካክል እስክሪብቶዬን አነሣሁ።

ፊታቸው ተለወጠ። «ስሚ ልጄ። እሷና ወንዶቹ ልጆቼ ቢፈላለጉ እንኳ ኒካህ አይታሰርላቸውም። አንድ ጡት ጠብተዋልና እህታቸው ናት። ሸሪዓ የቆጠራትን ያንቺ ወረቀት ሊያወጣት ነው?»

«እናቴ፣ ጥናቱ የደም ስለሆነ ነው እንጂ…»

«እንግዲያው የማናችንንም ደም አትንኩ። እሷን ትተሽ ይህን ቤት ቤተሰብ ብለሽ ከጻፍሽ ውሸት ነው የጻፍሽው።»

ተሰናብቼ ወጣሁ። ኔትወርክ ያለበት ስደርስ ተቆጣጣሪያችን ለነበረው የዓይን ሐኪም ደወልኩለት። «ተዪአቸው፣ ሌላ ቤት ሂጂ» ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን፣ «ለእንዲህ ያለው ምልክት አለ እኮ፤ ሥልጠናው ላይ ዘለልነው። በነጠብጣብ መስመር አገናኚያት። ደም አንወስድባትም፤ ዓይኗን ግን እናይላታለን በያቸው» አለኝ።

በማግሥቱ ተመልሼ ወረቀቱን አሳየኋቸው። በጣታቸው ተከትለው ሄዱና፣ «ይህቺኛዋ ስለምን ተቆራረጠች?» አሉ።

«በጡት የመጣች መሆኗን ለማሳወቅ ነው።»

«ይሁን። ካለች ይበቃል።»

የምርመራው ቀን ሁሉም ግራና ጤና ጣቢያ መጡ። የጡት ልጃቸውን ያን ዕለት ነው ያየኋት፤ አርባ ዓመት ያለፋት፣ ማተብ ያሰረች፣ በገበያ ቀን በርበሬ የምትሸጥ ቀልደኛ ሴት ናት። የእናትየዋ ዓይን ደህና ሆነ። ከወለዷቸው አራት ልጆች ከበኩሩ ሌላ ሁለተኛዋን ይዟታል። ሐኪሙ የጡት ልጃቸውን ሲለካ ቆየ፤ ደግሞ ለካ። የሁለቱም ዓይኖቿ ግፊት ከፍ ብሏል። ገና ጅምር ስለነበር እሷ ምንም አላወቀችም።

ይህን ስነግራቸው እናትየዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ያ አላህ! በጡቴ ነው የሰጠኋት?»

በወለዱትና ባጠቡት ልጅ መካከል ልዩነት የለም ብለው የተሟገቱኝ ሴት፣ አሁን ልዩነት መኖሩን እንድነግራቸው ዓይን ዓይኔን ያዩ ነበር። ሐኪሙ ከፊታቸው ቁጢጥ አለና፣ «እናቴ፣ ይህ በሽታ በጡት አይተላለፍም። የመጣው ከወለዷት ሰዎች ሳይሆን አይቀርም» አላቸው። እፎይ አሉ። ወዲያው ደግሞ ዞር ብለው አለቀሱ። ለምን እንዳለቀሱ አልጠየቅኳቸውም።

ሐኪሙ ልጅቷን፣ «ከአባትሽ ወገን ዓይኑን ያጣ ሰው አለ?» አላት።

አታውቅም። አባቷ ገና ዳዴ ስትል ለሥራ ሁመራ ሄዶ እዚያው ቀርቷል። ወንድሙ መርሳ ከተማ እንደሚኖር ግን ታውቃለች። አንድም ቀን መጥቶ ጠይቋት ስለማያውቅ፣ መርሳ ስትወርድ በሱ ሰፈር አታልፍም ነበር።

«ሂጂ» አሏት እናቷ። «ባይጠይቁሽም ሂጂና ንገሪያቸው። የዓይን ነገር ነው።»

ብቻዬን አልችልም ስላለች በሚኒባስ አብሬያት ሄድኩ። ሽማግሌውን አጎቷን በረንዳ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ድምፃችንን ሲሰሙ ፊታቸውን አዙረው፣ «ማነው?» አሉ። የአባቷን ስም ጠርታ፣ «ልጁ ነኝ» አለች። ሽማግሌው ከዘራቸውን ይዘው ወደ ድምፁ ዘንበል አሉ።

«ያቺ እስላሟ ሴትዮ ያሳደገችሽ?»

«እናቴ ናት።»

«ሳንጠይቅሽ ቀረን። መጀመሪያ ድህነቱ ነበር፤ ኋላ ደግሞ እፍረቱ።»

«ልወቅስዎት አልመጣሁም» አለች ቆማ። «የዓይን ግፊት ይዞኛል። በዘር ነው ይላሉ። ልጆችዎን ያስመርምሩ ልል ነው የመጣሁት።»

«እኔ ዓይኔን ያጠፋው ምች ነው ብዬ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «አባቴም እንዲሁ ሆኖ ነው የሞተ። እርጅና ነው ብለን ተውነው።»

ልጃቸው መካኒክ ነው፤ ለምሳ መጥቶ ከበሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። «እኔ ራሴ እኮ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ብሎን አጠገቤ ወድቆ ስፈልገው እውላለሁ። ድካም መስሎኝ ነው።» በዚያው ሳምንት ወልድያ መጣ። እሱንም ይዞታል። ሁለቱ እህቶቹ ነፃ ሆኑ፤ በየዓመቱ እንዲታዩ ተነገራቸው።

ሐኪሙ ለጥናቱ አዲስ ቤተሰብ በማግኘቱ ደስ አለው። አዲሱን ወረቀት የሣልኩት እኔ ነኝ፤ በዚህኛው ላይ እሷ በድፍን መስመር ገባች፣ ደምም ሰጠች። ሁለቱን ወረቀቶች በተለያየ ማኅደር አስቀመጥኩ። እኔን ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፤ ቅጽ ስሞላ ሁሉ የእናት ስም በሚለው ላይ የእሷን ስም እጽፋለሁ። ከዚያ ሥራ በኋላ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ አባቴ ወገን ጠየቅኳት። ቅር ይላታል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ሽንኩርት መክተፏን ሳታቆም፣ «ስኳር አለባቸው፤ ሁለቱን የጨረሳቸው እሱ ነው» አለችኝ። አሁን በየጊዜው ስኳሬን እለካለሁ።

የመርሳዎቹ ከመስቀል በኋላ ሽማግሌ ይዘው ግራና ሄዱ። እኔም ተጠርቼ ነበር። እናትየዋ ለእንግዶቹ በክርስቲያን ጎረቤት እጅ በግ አሳርደው፣ ለቤታቸው ደግሞ ልጆቻቸው ሌላ አርደው፣ ሁለት ቦታ ተሠርቶ ጠበቀን። ዓይነ ስውሩ የመርሳ ሽማግሌ በልጃቸው ተደግፈው ተነሡና ይቅርታ ጠየቁ።

«አብሽሩ፣ ይቀመጡ» አሏቸው እናትየዋ። «ስንት ዘመን ተቀይሜያችሁ ኖርኩ። ኋላ ሳስበው ግን፣ እናንተ መጥታችሁ ቢሆን ኖሮ ትወስዱብኝ ነበር።»

የበኩር ልጃቸው ዓይን አልተረፈም፤ ዘግይቶ ነበር። የሁለተኛዋ ልጃቸው ባለበት ቆሟል። የጡት ልጃቸውና መካኒኩ እስካሁን ደህና ናቸው። ጠብታው ግራና ሲጠፋ እሱ ወልድያ ድረስ ሄዶ ለሁለቱም ይገዛል፤ በገበያ ቀን በርበሬ ከምትሸጥበት ቦታ ድረስ ያመጣላታል።