ጥርሴን ለማስቀቀል ወደ ባሕር ዳር

ጎርጎራ፣ ንጋት

ሱብሂ ሰግጄ ወጣሁ። ሐይቁ ገና አልነጋበትም፤ የዓሣ ጀልባ ሞተር ብቻ ይሰማል። መኪናው መነሻ ላይ ወዳጄ ሐጅ ኑሩ ቆሟል። እሱ ያስገጠመው የሴራሚክ ጥርስ ትኩስ ሻይ ሲጠጣበት ተሰንጥቋል።

«ያንተም ሸክላ ነው» አለኝ። «እርጥበትና ሙቀት ይበላዋል። ሽምብራ ቆርጥመህ ካሳየኸኝ ግን እኔም እሄዳለሁ።»

ልጄ ዘይነባ ባሕር ዳር ጥርስ መሥራት ትማራለች። ለእኔም የመንጋጋ ጥርስ ከሴራሚክ ሠርታለች። ዓይኔ እያየ ካልተቀቀለ አፌ አይገባም ብያታለሁ። ታንኳ ሠሪ ነኝ። የታንኳው ሣር፣ ደንገል፣ ውሃ ሲጠግብ ከላይ ደኅና ይመስላል፤ ጉዱ የሚወጣው ጭነት ሲያርፍበት ነው።

ቆላ ድባ፣ ረፋድ

አቧራ፣ አህያ፣ የእህል ጆንያ። የተቆላ ሽምብራ ገዝቼ ኪሴን ሞላሁ። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝ።

«አባቴ፣ በምንዎ ሊበሉት ነው?»

«ጥርሴን ልቀበል ነው የምሄድ።»

«እስከዚያ እኔ ላግዝዎት።»

እጁን ዘረጋ፤ ዘገንሁለት። እስከ ወረታ ድረስ ጆሮየ ሥር ቆረጠመው። የወረታን የሩዝ ማሳ እንኳ በንዴት ነው ያየሁት።

ባሕር ዳር፣ ከሰዓት

ዘይነባ ትምህርት ቤቷ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሦስት የመንጋጋ ጥርስ ደርድራ ከመምህሯ ጋር ጠበቀችኝ። ሦስቱም በእኔ ልክ የተቀረጹ ናቸው።

«አንዱ አዲስ እንዳለ ይሰበራል፤ አንዱ ተቀቅሎ ይሰበራል፤ አንዱ ለእርስዎ ነው» አለችኝ።

«የቱ ለየቱ እንደሚሆን እኔ ነኝ የምመርጥ። ጠንካራውን ለመስበሪያው ማሽን ሰጥተሽ ልታሞኚኝ ነው?»

«አባየ፣ ልጅዎን ይጠረጥራሉ?»

«ሐጅ ኑሩ ይጠይቀኛላ።»

መምህሯ ሳቁ። «ይምረጡ» አሉ። ወደ እሷ ዞረው ግን አልሳቁም። «የተቀቀለው ካልቻለ ለማንም አይገጠምም። ሥራሽን ከሥር ትጀምሪያለሽ።»

መረጥሁ። አንዱ እንፋሎት ታምቆ በሚያፈላ የብረት ድስት ውስጥ ገባ። አፍ በዓመታት የሚያደርሰውን ጉዳት በሰዓታት ያደርሳል አሉኝ። እኔ ፋሲሎ ሰፈር ልጄ ቤት አደርሁ።

በማግስቱ ጠዋት

ጥርሱ እንደ ገባ ሆኖ ወጣ፤ ያብረቀርቃል።

«አላሳመነኝም» አልሁ። «ጫኑበት።»

መጀመሪያ አዲሱ ተሰበረ። ቀጥሎ እኔ ያስቀቀልሁት ማሽኑ ሥር ገባ። ዘይነባ ስክሪኑ ላይ ያለውን ቀይ መስመር አሳየችኝ። የሰው ንክሻ ጉልበት እዚያ ድረስ ነው። ጭነቱን የሚያሳየው መስመር ሽቅብ ወጣ። ቀዩ ጋ ሲደርስ ልጄ ክንዴን ያዘችኝ። አለፈው። ወጣ፣ ወጣ፣ ከዚያ ጧ አለ፤ ከአዲሱ ጥቂት ዝቅ ብሎ።

«ቀንሷል» አልሁ።

«ቀንሷል፤ ውሃና ሙቀት ድርሻቸውን ወስደዋል። የቀረው ግን ለእርስዎ ይተርፋል።»

መምህሯ እጇን ጨበጡ። «አሁን ይገጠም» አሏት። ክንዴን ለቀቀችኝ፤ ጣቷ የነበረበት እስካሁን ያመኛል። እዚያው ያለ የጥርስ ሐኪም ሦስተኛውን ገጠመልኝ። ስብርባሪውን በመሀረብ ቋጠርሁ።

ጎርጎራ፣ አመሻሽ

ያው ሾፌር ነው የመለሰኝ። ሐጅ ኑሩ ከመኪና ሳልወርድ መሀረቡን ፈታ።

«የተሰበረ ይዘህ መጣህ?»

«ይኸ ባንተ ምክንያት ነው የተሰበረ።»

ከኪሴ የተረፈች ሽምብራ አወጣሁና ነከስሁ። ቀው አለች። ሐጅ ኑሩ ጆሮውን አስጠጋ።

«ድገመው።»

ደገምሁለት። ቀና ብሎ ወደ ሾፌሩ ዞረ።

«አንተ ልጅ፣ ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትነሳ?»