ከወንበሬ ብነሳ

ዛሬ ከወንበሬ ብነሳ አንዲት ትልቅ ሴትዮ ክፍሉን ጥለው ሊወጡ ነበር!

ለማታውቁኝ፣ የሽርሽር መርከብ ላይ ለተሳፋሪዎች ሥዕል አስተምራለሁ። ጠዋት የውሃ ቀለም፣ ከሰዓት እርሳስ። ተማሪዎቼ አብዛኞቹ ጡረተኞች ናቸው።

እኔ ደግሞ የነቀምቴ ልጅ ነኝ። ትልቅ ሰው ሲገባ ቁጭ ብሎ መቀበል አልችልበትም፤ እግሬ ራሱ ይነሳል።

ሴትዮዋ ጠዋት አርፍደው ሲገቡ ብድግ አልኩ። ትምህርቱ ያለቀ መስሏቸው ይቅርታ ጠይቀው ዞሩ። ሮጬ መለስኳቸው። በእንግሊዝኛ ‹‹በአገሬ ለትልቅ ሰው እንነሳለን›› ብዬ ወንበሬ ላይ አስቀመጥኳቸው። (እዚያው ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር ያለው አባቴ ቢያየኝ ‹‹አሁን ገና ሰው ሆንክ›› ይለኝ ነበር።)

ከሰዓት ወረቀት ላመጣ ወጥቼ ስመለስ፣ ሴትዮዋ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሱልኝ። እሳቸውን ያየ ሁሉ ተከትሎ ብድግ አለ።

ደንግጬ ‹‹ኧረ በእግዚአብሔር ተቀመጡ!›› አልኩ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም። የገባው ሰው የለም፣ ግን ተቀመጡ።

ፊት ለፊቴ ላለ ሰው በአገሬ ቋንቋ ስናገር፣ መርከቡ ላይ በቆየሁበት አራት ወር የመጀመሪያዬ ነው።

ነገ ጠዋት ሁሉም ይወርዳሉ። ሌሎች ይገባሉ፣ እኔም እነሳለሁ።

እናንተስ፣ በሰው አገር አልለቅ ያላችሁ ልማድ ምንድነው? ንገሩኝ። ከተቻለ በድምፅ።